በዓይን የማይመዘኑ ሁለት ዕቃዎች፤ የበያጅ ጃኬትና ስውር የጥበቃ ካሜራ

ገዥ አንድን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በሦስት ነገር ይመዝነዋል፤ በዓይኑ፣ በእጁና በሻጩ ቃል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው ዘግኖ ቀለሙን ያያል፤ በመዳፉም አሽቶ ዐፈር እንዳለበትና እንደሌለበት ይለያል። ጋቢ የሚገዛም ፈትሉን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ይመረምራል። በዚህ ዓይነቱ ንግድ የሻጩ ቃል ቢጐድል እንኳ ዓይንና እጅ ይተኩታል።

ነገር ግን ዓይንም እጅም ብዙ የማይነግሩባቸው ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህም ለአደጋ ቀን የሚገዙት ናቸው። አደጋው እስኪደርስ ድረስ ደጉና ክፉው አንድ መስለው በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ገዥው የሚተማመነው በሻጩ ቃል ብቻ ስለሚሆን፣ ሻጩ የሚሸጠውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ግዴታው ነው። ካላወቀ ግን ሳይዋሽ ሰውን ያሳስታል።

ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ሁለቱ በዚህ ትምህርት ይመረመራሉ። አንደኛው ብየዳን በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው የሚሸጠው ጃኬት ነው። ሁለተኛው በዛፍ ወይም በምሰሶ ላይ ተሰውሮ የሚታሰረው፣ ባለቤቱ በሌለበት ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካሜራ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ፤ ገዥያቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ኢንቨርተር የተባለው በአንድ እጅ የሚነሣ የብየዳ ማሽን በገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ መተዳደሪያው ሌላ ሥራ የሆነ ሰውም በዕረፍት ቀኑ የግቢውን በር፣ የመስኮቱን ፍርግርግ ወይም የዶሮውን ቤት ራሱ ለመበየድ ይችላል። ቀን የሚበይደው ሰው በሌሊት ቱቦላሬውና ላሜራው በግቢው ውስጥ ያድርበታል። ስለዚህ ቀን ገላውን፣ ሌሊት ንብረቱን የሚጠብቅለት ዕቃ ፈልጎ ወደ ባለሱቁ ይመጣል።

ክፍል አንድ፤ ጃኬቱ

ጃኬቱ የሚጠብቀው ከሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከቀለጠ ብረት ፍንጣሪ፣ ሁለተኛው ከእሳት፣ ሦስተኛው ከብርሃን ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነው። ከብየዳው የሚወጣው ብርሃን በውስጡ የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስላለበት፣ ፀሐይ በረጅም ጊዜ የምታደርሰውን ቃጠሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በገላ ላይ ያደርሳል። ጭንብል አድርጎ ኮሌታውን ግን ሳይቈልፍ የሚበይድ ሰው ማታ ጉሮሮው ሥር ቀልቶና ተቃጥሎ ቢያገኘው ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ኮሌታው እስከ አንገት የማይዘጋ ጃኬት፣ ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ ጐደሎ ነው።

ስለ ጨርቁ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ፖሊስተር የሚቀልጠው በ260 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የቀለጠ ብረት ጠብታ በፖሊስተር ወይም በናይለን ልብስ ላይ ሲወድቅ ጨርቁን በመብሳት አያበቃም፤ ጨርቁ ራሱ ቀልጦ ከገላ ጋር ይጣበቃል። ቁስሉም ከተራ ቃጠሎ የከፋ ይሆናል። ከፖሊስተር የተሠራ የሥራ ጃኬት፣ የበያጅ ጃኬት መስሎ ቢሰፋና ጥቁር ቢቀባ፣ ከሸሚዝ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ለባሹ ተጠብቄአለሁ ብሎ ስለሚደፍር ነው።

ለዚህ ሥራ ተገቢ የሆኑት በሦስት ይከፈላሉ፤

1ኛ. እሳት እንዲቋቋም በመድኃኒት የተነከረ ጥጥ። ይህ ጨርቅ ነበልባል ሲነካው ይጠቁራል፤ ነበልባሉ ሲነሣለት ግን ይጠፋል። የማይቃጠል ጨርቅ ነው ማለት አይደለም፤ እሳትን የማያዛምት ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በአንድ ካሬ ሜትር 305 ግራም ገደማ የሚመዝነው ሲሆን፣ ከበድ ያለው 400 ግራም ያህል ይደርሳል። ቀላልና አየር የሚያስገባ በመሆኑ በጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ መለስተኛ ብየዳ ይስማማል።

2ኛ. ቆዳ። ይህ በአብዛኛው የከብት ቆዳ በፋብሪካ ለሁለት ሲሰነጠቅ የሚገኘው የታችኛው ሽፋን ነው። ፍንጣሪን በመቋቋም ከጥጥ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን ከባድና የሚያሞቅ ነው።

3ኛ. ደረትና ጀርባው ጥጥ፣ እጅጌና ትከሻው ቆዳ የሆነ ድብልቅ። ፍንጣሪ አብዝቶ የሚያርፈው በክንድና በትከሻ ላይ ስለ ሆነ፣ ይህኛው አልፎ አልፎ ለሚበይድ ሰው መካከለኛና ምቹ ምርጫ ነው።

ለላኪዎችም በዚህ ቦታ አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። የቆዳው የላይኛው ሽፋን ለጫማና ለቦርሳ ሲፈለግ፣ የታችኛው በርካሽ ዋጋ የሚሄድ ነው። የበያጅ ጃኬት፣ ሽርጥና ጓንት የሚሠሩት ግን ከዚሁ ከታችኛው ነው። ቆዳ የሚያለፋ አገር የተሰፋውን ጃኬት ከውጭ ሲገዛ የራሱን ቆዳ ዋጋ ጨምሮ መክፈሉ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ንግድ ያሉ ሰዎች ነገሩን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ደረጃውን ከኤሌክትሮዱ ጋር ማዛመድ

ለብየዳ ልብስ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 11611 ይባላል። ይህ ደረጃ ልብሱን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ብሎ ይመድባል፤ ሁለተኛው ክፍል የጠነከረው ነው። በፈተናው ላይ የቀለጠ ብረት ጠብታዎች በጨርቁ ላይ ይወርዳሉ። በጨርቁ ጀርባ ያለው ሙቀት በ40 ዲግሪ ከመጨመሩ በፊት አንደኛው ክፍል ቢያንስ 15 ጠብታ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 25 ጠብታ መቻል አለባቸው። ለጨረር ሙቀትም እንደዚሁ አንደኛው ቢያንስ 7 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 16 ሴኮንድ ይታገሣሉ። በልብሱ ምልክት ላይ ኤ1 የተባለው ነበልባል በጨርቁ ፊት ላይ፣ ኤ2 የተባለው በጫፉ ላይ መፈተኑን ያመለክታል።

ባለሱቁ ገዥውን ብዙ ሳያስጨንቅ የሚስማማውን ክፍል ለማወቅ ቀላል መንገድ አለው፤ ይኸውም የሚጠቀምበትን ኤሌክትሮድ መጠየቅ ነው። በተለምዶ ለበርና ለመስኮት የሚገዛው 6013 የተባለው ኤሌክትሮድ ፍንጣሪው መለስተኛ ስለ ሆነ አንደኛው ክፍል ይበቃዋል። ቲግ በተባለው ዘዴ የሚሠራም እንዲሁ ነው፤ ለርሱ ፍንጣሪው ጥቂት፣ ብርሃኑ ግን ብርቱ ስለሚሆን ገላን በሙሉ መሸፈን ይጠቅመዋል። በ7018፣ በ6010 ወይም በ6011 የሚበይድ፣ ብረትን በኦክስጅን ወይም በፕላዝማ የሚቈርጥ ግን ሁለተኛውን ክፍል ይፈልጋል። ከጣሪያ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚበይድ ሰው፣ ፍንጣሪው በራሱ ላይ ስለሚወርድበት፣ ኤሌክትሮዱ ምንም ይሁን ምን የጠነከረውን መስጠት ይገባል። ኤሌክትሮዱንና ጃኬቱን በአንድ ሱቅ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ዝምድና ቢያውቅ ደንበኛውም ይጠቀማል፤ ሽያጩም ይሰምርለታል።

ስፌቱና ቅርጹ

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ በተራ የፖሊስተር ክር ከሆነ፣ ክሩ ቀልጦ እጅጌው ከትከሻው ይለያያል። ስለዚህ ደህና ጃኬት ኬቭላር በተባለው ወይም በሌላ እሳት በሚቋቋም ክር ይሰፋል። ኬቭላር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ በተባለች አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ሊቅ ነው፤ በእሳት ቢጠቁርም አይቀልጥም።

ከዚህም በቀር ክዳን የሌለው የደረት ኪስና ወደ ውጭ የታጠፈ የእጅጌ ጫፍ ፍንጣሪ ስለሚያጠራቅሙ አይፈለጉም። ቁልፉ ከብረት ቢሆን በጨርቅ መሸፈን አለበት። ገዥው ጃኬቱን ለብሶ ክንዱን ወደ ፊት ሲዘረጋ የእጁ አንጓ መራቈት፣ ሲያጐነብስም ወገቡ መገለጥ የለበትም። ክብሪትና ላይተር በኪስ ይዞ መበየድም አደጋ መሆኑን ባለሱቁ ቢያስታውሰው ዋጋ የማይጠይቅ ቸርነት ነው።

ፈተናና አጠባበቅ

አስመጪው ናሙና ሲደርሰው ምልክቱን አንብቦ ብቻ አይመን። ምልክት ማንም ያትመዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ፈተናው የት፣ መቼና በየትኛው ጨርቅ ላይ እንደ ተደረገ የሚያሳየውን ወረቀት እንዲልክለት ይጠይቅ፤ በወረቀቱ ያለው የሞዴል ቁጥርም በጃኬቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክር።

ቀጥሎም ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና አለ። ከጃኬቱ ውስጠኛ ስፌት ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ቈርጦ፣ በወረንጦ ይዞ፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳሕን አድርጎ፣ በደጅ እሳት ያስነካው። ቀልጦ ከተንጠባጠበና ሲበርድ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ፖሊስተር ወይም ናይለን አለበት። እሳቱ ከተነሣለት በኋላም መንደዱን ቀጥሎ እንደ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ ዐመድ ከሆነ መድኃኒት ያልነካው ጥጥ ነው። ጠቁሮ ወዲያው ከጠፋ የተነከረ ጥጥ ነው። እውነተኛ ቆዳ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ሲሸት፣ ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ግን እንደ ፕላስቲክ ይሸታል። ይህ ፈተና የላቦራቶሪውን አይተካም፤ ነገር ግን ግልጹን ማታለል ያጋልጣል። አንዱን ናሙና ጥቂት ጊዜ አሳጥቦ ፈተናውን መድገምም ይበጃል፤ በመጀመሪያው እጥበት የሚለቅ መድኃኒት ስላለ ነው። ከ200 ጃኬት 2ቱ ለፈተና ቢጠፉ ወጪው ከመቶ አንድ ነው። ያልተፈተነ ዕቃ ሰው ቢያቃጥል ግን ጉዳቱን በመቶኛ ለማስላት አይቻልም።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ጥሩውም ጃኬት በአያያዝ ይበላሻል። የተነከረ ጥጥ በበረኪና ከታጠበ ወይም ማለስለሻ ከተጨመረበት መከላከያው ይደክማል። ዘይትና ግራሶ የነካው ጃኬት ደግሞ ራሱ ማገዶ ይሆናል። ቆዳው በውኃ አይዘፈዘፍም፤ በብሩሽ ይጠረጋል። ይህን በአማርኛ አሳትሞ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ባለሱቅ ለደንበኛው ትልቅ ነገር አደረገለት ማለት ነው።

ክፍል ሁለት፤ ስውሩ ካሜራ

ይህ ዓይነቱ ካሜራ መጀመሪያ ለሌብነት ጥበቃ አልተሠራም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሽራስ በሌሊት የሚዘዋወሩ አራዊትን ገመድ በመዘርጋትና ብርሃን በማፈንዳት ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አውጥቶ ነበር። ዛሬም የአራዊት ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው የተረጋገጠው ተመራማሪዎች በሰወሯቸው ካሜራዎችና በዱካ ነው።

በዘመናዊው ካሜራ የገመዱን ቦታ የያዘው ሙቀት ጠቋሚ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር ሲያልፍ ይነቃና ካሜራውን ያስነሣል። አሠራሩን የተረዳ ሻጭ ከገዥው የሚመጡትን አብዛኞቹን ቅሬታዎች አስቀድሞ ለማስቀረት ይችላል። ሴንሰሩ የሙቀትን ልዩነት ስለሚለካ፣ አየሩ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ሲቃረብ ይደክማል። ስለዚህ በደጋ በሌሊት በደንብ የሚሠራው ካሜራ በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በመተማ በቀትር ሰው አልፎ ላያነሣ ይችላል። ይህ የዕቃው ብልሽት አይደለም፤ ለቈላ ደንበኛ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እንደዚሁም ሴንሰሩ በመስታወት ውስጥ አሻግሮ አይሰማም፤ የሌሊት መብራቱም ከመስታወቱ ነጥሮ ፎቶግራፉን ያነጣዋል። ካሜራውን ከሱቁ መስኮት በስተውስጥ አስቀምጦ መንገዱን ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

በምርጫ ጊዜ የሚታዩት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ. የሌሊት መብራቱ። 850 ናኖሜትር የተባለው ብርሃን ርቆ ያበራል፤ ነገር ግን ሲበራ ደብዛዛ ቀይ ፍም መስሎ ይታያል። 940 የተባለው ለሰው ዓይን አይታይም፤ ርቀቱ ግን ያጥራል። ለእርሻና ለአራዊት የመጀመሪያው፣ ለግቢ ጥበቃ ሁለተኛው ይመረጣል። ሌባ ካሜራውን ካየው መጀመሪያ የሚሰርቀው ካሜራውን ነውና።

2ኛ. የመነሣት ፍጥነቱ። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው፣ ካሜራው ለመነሣት 1 ሴኮንድ ቢፈጅበት 5 ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ፎቶግራፉም ባዶ አጥር ይሆናል። 0.3 ሴኮንድ ቢፈጅበት ግን ሰውየው የሚያልፈው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

3ኛ. የምስሉ ጥራት። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሜጋፒክሰል ቁጥር ብዙ ጊዜ ካሜራው በእውነት የሚያየው አይደለም፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ምስሉን አስፍቶ የሚሞላው ነው። ይህ በወተት ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው፤ መጠኑ ይበዛል እንጂ ቅቤው አይጨምርም። ስለዚህ በቁጥሩ ፈንታ በሌሊት የተነሣ ፎቶግራፍ ማየት ይሻላል።

4ኛ. ባትሪው። 8 ባትሪ ድንጋይ በተርታ በሚገቡበት ካሜራ፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ቢሆን ድምሩ 12 ቮልት ነው። እየተሞላ የሚሠራው ድንጋይ ግን 1.2 ቮልት ስለ ሆነ ድምሩ 9.6 ብቻ ይሆናል። አንዳንዱ ካሜራ በዚህ ኀይል መብራቱ ይደክማል ወይም ፈጽሞ አይነሣም። ካሜራው የትኛውን እንደሚቀበል ከመመሪያው መመልከት ያስፈልጋል። ሚሞሪ ካርዱም እንዲሁ ነው፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነውን የማይቀበል አለ።

5ኛ. በስልክ መስመር የሚልከው። ሲም ካርድ የሚገባበት ካሜራ ፎቶግራፉን ወዲያው ወደ ባለቤቱ ይልካል። ዳሩ ግን በውጭ አገር ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ የተቈለፈ ወይም በኢትዮጵያ በማይሠራበት የሞገድ ክልል የተሠራ ካሜራ ካርቶኑ ሲከፈት ዲዳ ሆኖ ይገኛል። አስመጪው አንዱን ናሙና አስመጥቶ በኢትዮ ቴሌኮምና በሳፋሪኮም ሲም ካርድ ሳይሞክር ብዛት ያለውን አይዘዝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

6ኛ. አቧራና ዝናብ። አይ.ፒ. 66 ከሚለው ምልክት የመጀመሪያው 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፣ ሁለተኛው በብርቱ የሚረጭ ውኃን እንደሚቋቋም ያመለክታል። ክረምትን በደጅ ለሚያሳልፍ ካሜራ ከዚህ ያነሰ አይመከርም።

አስተካከሉ

ካሜራው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ፊቱን ቢያዞር የጧትና የማታ ፀሐይ ያሳውረዋል፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢያይ ይሻላል። ሴንሰሩም ፊት ለፊት ከሚመጣው ይልቅ አቋርጦ የሚያልፈውን ፈጥኖ ስለሚሰማ፣ መንገዱን ከጐን ሆኖ እንዲያይ ይደረጋል። ከፊቱ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ካለ በፀሐይ ሞቆ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ስለሚያስነሣው፣ ካርዱ በቅጠል ፎቶግራፍ ይሞላል።

የሰዓቱና የቀኑ ነገርም አይዘንጋ። ካሜራው 20፡15 ብሎ የመዘገበው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። 03/04 ብሎ የሚጽፈውም ወሩን በሚያስቀድመው ልማድ የመጋቢት 4ኛ ቀን፣ ቀኑን በሚያስቀድመው ደግሞ የሚያዝያ 3ኛ ቀን ይሆናል፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ፎቶግራፉ ለፖሊስ ሲቀርብ ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ነው። ባለሱቁ ሰዓቱን በገዥው ፊት ሞልቶ አቈጣጠሩን ቢያስረዳው ነገ ከሚመጣ ክርክር ያድነዋል።

የማይሸጥ ምክር

ስውር ካሜራ ሌባን እንደሚያይ ሁሉ ንጹሑንም ያያል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ አያያዝ በሕግ ወስኗል። ካሜራው ወደ ራስ ግቢና መጋዘን እንጂ ወደ ጐረቤት ደጃፍ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ወይም ወደ ሠራተኛ መኝታ እንዲያይ መደረግ የለበትም። የቤቱ ሠራተኞችም መኖሩን ሊያውቁት ይገባል። «ሚስቴ ሳታውቅ» ወይም «ተከራዬ ሳያውቅ» እያለ ለሚጠይቅ ገዥ ምክር የሚሰጥ ነጋዴ የነገሩ ተካፋይ ይሆናል። አስመጪውም በበኩሉ ዕቃው የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነ ከማዘዙ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ የኪራይ ዕዳ ያስከትላልና።

መደምደሚያ

ከሁለቱም ዕቃዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። አስመጪው ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ጃኬት አውጥቶ ይፈትን። ባለሱቁም አንድ ካሜራ አውጥቶ በራሱ መጋዘን ሌሊት ይሰቀል፤ በ5፣ በ10 እና በ15 ሜትር ላይ ሰው አሳልፎ፣ ፊቱ የሚለየው እስከ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ይመልከት። ካርቶኑ 20 ሜትር ቢል ያ ካሜራው የሚነቃበት ርቀት ሊሆን ይችላል፤ ገዥው የሚፈልገው ግን ማን እንደ ገባ የሚታወቅበትን ነው።

ያገኘውንም ውጤት በቃል ብቻ አይናገር። ጃኬት ሲሸጥ ክፍሉንና ጨርቁን፣ ካሜራ ሲሸጥ ፊት የሚለይበትን ርቀት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚያፍር ከሆነ ዕቃውን ከመደርደሪያው ያውርድ፤ የሚጽፍ ከሆነ ግን ገዥው በዓይኑና በእጁ ሊደርስበት ያልቻለውን በሻጩ ፊርማ አገኘ ማለት ነው።